የግምጃ ቤት መዝገብ ማደሪያ፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ኮምቦልቻ መጋዘኖች

ዕቃ የሚከማችበት ቤት ሁሉ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ የሚል መዝገብ ይፈልጋል። መዝገቡን ማን ይጻፈው፣ በምን ይጻፍ የሚለው በየዘመኑ መልስ አግኝቷል፤ የት ይቀመጥ የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል። ከዕቃው ጋር ቢቀመጥ ዘራፊም እሳትም ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ርቆ ቢቀመጥ ደግሞ ውሎ አድሮ ዕቃው ሌላ፣ መዝገቡ ሌላ ይናገራል። ደሴና ኮምቦልቻ፣ በዙሪያቸውም ያለው የደቡብ ወሎ ምድር፣ ይህን ጥያቄ ከ700 ዓመት በላይ በየመልኩ ሲያስተናግዱ ኖረዋል።

ከሁሉ የቆየው መልስ ያለው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሐይቁ ላይ የምንኩስናን ሕይወት ካቋቋሙ በኋላ መጻሕፍት ማስጻፍና ማሰባሰብ ትልቁ ሥራቸው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ተጽፎ እርሳቸው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚህ ወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ከቅዱሱ ጽሑፍ ውጪ የሆኑ ብዙ ማስታወሻዎች ሰፍረዋል፤ ከእነርሱም አንዱ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ቅደም ተከተል ሲያጠኑ፣ ሥርግው ሀብለ ሥላሴም የገዳሙን ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ሲጽፉ፣ የተመረኮዙት በእንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ላይ ነው።

የንብረት ዝርዝርን በወንጌል ውስጥ መጻፍ የሐይቅ ብቻ ልማድ አልነበረም። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ያሉ ታላላቅ አድባራትና ገዳማት የርስት ስጦታን፣ የንዋየ ቅድሳትን ዝርዝርና የውል ቃልን «የወርቅ ወንጌል» በሚሉት መጽሐፍ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ምክንያቱ ብራና ከማጣት የመጣ ቁጠባ ብቻ አይመስልም። ወንጌሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ ይልቅ የሚጠበቅ ነው፤ ጠላት ሲመጣም መጀመሪያ የሚሸሸው እርሱ ነው። በላዩ የተጻፈውን የሚፍቅ ወይም የሚለውጥ ሰው እንዲወገዝ የሚያደርግ የግዝት ቃል ከማስታወሻው ጋር ስለሚጻፍ፣ ቁልፍና ማኅተም ሊሰጡት የማይችሉት ጥበቃ ነበረው። በዚህ ሥርዓት መዝገቡ የሚመዘግበው ሀብት አካል ነው፤ ከመጻሕፍቱ አንዱ የመጻሕፍቱ ሁሉ ዝርዝር ይሆናል።

የዚህ ዘዴ ድካምም ከዚያው ይመነጫል። በወንጌል ኅዳግ ላይ ያለው ቦታ ውስን ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰጠውን መመዝገብ ይመቸዋል፣ በየዕለቱ የሚወጣና የሚገባን ግን አይችልም። መጽሐፍ ተውሶ የሄደ መነኩሴ፣ በምስጥ የተበላ ብራና፣ ለሌላ ደብር የተላከ ግልባጭ እንዲህ ባለው ዝርዝር ላይ አይታይም። ስለዚህ ለመጻሕፍትና ለንዋየ ቅድሳት እንጂ ለእህልና ለማር የሚሆን መዝገብ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ሲወስድ ወንጌሉ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኩ አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ወንጌሉን በ1832 ቁጥር ፎቶ አንሥቶ፣ ግልባጩን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። ዋናው በቦታው፣ ግልባጩ በሩቅ የሚለው አቀማመጥ ሐይቅን ያገኘው ያኔ ነው።

ግልባጭ ባለመኖሩ የደረሰውን ጉዳት ለማየት ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መቅደላ መመልከት ያስፈልጋል። ዐጤ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት አንድ ሺህ ያህል መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ወርቁ፣ ዘውዱ፣ ጽዋውና የግብሩም ገቢ በዚያው ተከማችቷል። የእነዚህ ዕቃዎች ዝርዝርና የግብር ሒሳቡም በዚያው ተጽፎ፣ በዚያው ተቀምጦ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዕቃውም መዝገቡም በአንድ እጅ ገቡ። ወታደሮቹ የዘረፉት ተሰብስቦ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ጭነቱን ለማንሳት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ 350 ያህል ብራናዎችን ለሙዚየሙ ገዛ፤ ለመጓጓዝ ያልተመቹት ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተተዉ።

የቴዎድሮስ ግምጃ ቤት ዝርዝር እንግሊዝ አገር ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ሪቻርድ ፓንክረስትና ግርማ ሥላሴ አስፋው የንጉሠ ነገሥቱን የግብር መዝገብና የንብረት ዝርዝር በለንደን አሳተሙት። ከመቅደላ ምን ተወሰደ የሚለውን ለመመርመር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አንዱ ዋና ማስረጃው ራሱ ከተወሰደው ዕቃ መካከል የሚገኝ ሆነበት። ዝርዝሩ ከዕቃው ጋር በመሆኑ ባይጠፋም፣ ባለንብረቱ በእጁ የቀረ ምንም ስላልነበረ ክሱን የሚጀምርበት ወረቀት አልነበረውም። የመቅደላ ስሕተት መዝገቡ በአምባው ላይ መቀመጡ ሳይሆን በአምባው ላይ ብቻ መቀመጡ ነው።

ደሴ የከተማነት ታሪኳ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዐጤ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉና የወሎው መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ከተባሉ በኋላ፣ ደሴ የወሎ መናገሻ ሆና አደገች። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ የግብር አዳራሽ ነበር። እንዲህ ያለ ግብር የሚበላው ብዙ እህል፣ ማር፣ ቅቤና ሰንጋ ተከማችቶ ሲገኝ ነው። በዘመኑ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ግምጃ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤትና ጎተራ እያንዳንዳቸው ሹም ነበራቸው፤ በግምጃ ቤቱ ላይ በጅሮንድ ይሾማል። በምኒልክ ዘመን የታወጀው የዐሥራት ግብር ለወታደሩ ቀለብ እህልን ወደ መንግሥት ጎተራ የሚያስገባ ስለነበር የሹሞቹን ሥራ ይበልጥ አከበደው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ስለ ቤተ መንግሥቱ የሥራ ክፍሎችና ስለ ግብሩ ዓይነት ለሚመረምር ሰው ዋና ምንጭ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለኋላው ዘመን የተረፈ አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ፤ ዕቃውን የሚጠብቀውና ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው የተለያዩ ናቸው። ሹሙ ቁልፉን ይይዛል፣ ጸሐፊው ቀለሙን። ሹሙ ሲሻር አዲሱ የሚረከበው ቆጥሮ ነው፤ የጎደለ ከተገኘ የቀድሞው ይጠየቃል። ጸሐፊው ግን ከጌታው ጋር የሚዞር ሰው ነው። ጌታው ሲዘምት መዝገቡም ይዘምታል፣ ጎተራው ደሴ ይቀራል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ድል ሲሆንና ንጉሡ ሲማረኩ፣ ደሴ ባለቤት እንደሌለው ቤት የሆነችበት አንዱ ምክንያት ይኸው የአስተዳደሩ ሁሉ ከአንድ ሰው ጋር መንቀሳቀስ ነው።

የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ደሴንም ኮምቦልቻንም በሌላ መንገድ ለወጣቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 7 ቀን በዚያው ዓመት ተያዘች። ከዚያ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደው ጎዳና እና ከአሰብ በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ የተገናኙት ኮምቦልቻ ላይ ነው። ሜዳው ለአውሮፕላን ማረፊያም ለማከማቻም ተመቸ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር አካባቢ በተራራ ጉያ የተሸጎጠች ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ በ1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው የሐረጎ ተራራ አለ፤ የቦርከና ወንዝም ከላይኛይቱ ወደ ታችኛይቱ ይወርዳል። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ደሴን ሲይዙ ይህ የሥራ ክፍፍል ተተክሎ ነበር፤ ቢሮ ላይ፣ መጋዘን ታች።

ከነጻነት በኋላ ደሴ የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና ስትቀጥል የመሥሪያ ቤቶቹ መዝገብ ቤት በእርሷ ውስጥ ቀረ። በአሰብ መንገድ የሚመጣው ጭነት ግን ሐረጎን መውጣት ሳያስፈልገው ኮምቦልቻ ይራገፋል። ስለዚህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአንድ ቀን የገባ ጭነት በመጋዘኑ ካርድ ላይ የሚሰፍረው ዛሬ፣ በቢሮው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ሰነዱ ተራራውን ሲወጣ ነው። በወረቀት ዘመን ይህ ልዩነት የቀናት ብቻ ቢመስልም፣ ኦዲተር የሚመጣው በዚያው መካከል ከሆነ ሁለት መዝገብ ሁለት ቁጥር ያሳያል።

የኢትዮጵያ መንግሥት የንብረት አስተዳደር ይህን ልዩነት የሚያስታርቅበት የራሱ ብልሃት አለው። መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቃቸው ቅጾች ናቸው፤ ሞዴል 19 ዕቃ ሲገባ የሚቆረጥ ደረሰኝ፣ ሞዴል 20 መጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ደግሞ ወጪ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ካርድ ይከፈታል። አንደኛው ቢን ካርድ ሲሆን በመጋዘኑ ውስጥ ዕቃው በተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚሞላውም ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛው ስቶክ ካርድ ነው፤ በንብረት ሒሳብ ክፍል ይቀመጣል፣ የሚሞላውም መጋዘኑን የማይነካ ሌላ ሠራተኛ ነው። ቢን ካርዱ ብዛትን ብቻ ይናገራል። ስቶክ ካርዱ ዋጋን ይጨምራል።

ሁለቱ ካርዶች አንዱ የሌላው ግልባጭ ተደርገው መታየታቸው የተለመደ ስሕተት ነው። ቢን ካርዱ የሚመልሰው «አሁን እዚህ ምን አለ?» የሚለውን ነው፤ ዓይን የሚያየውን ሊያረጋግጥ ወይም ሊክድ የሚችለው በዕቃው አጠገብ ሲሆን ብቻ ነው። ቆርቆሮው፣ ጎማው ወይም ወረቀቱ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ካርዱ አብሮ ይዛወራል። ስቶክ ካርዱ የሚመልሰው «እዚህ ቁጥር ላይ በምን መንገድ ደረስን?» የሚለውን ነው፤ ታሪክ ነውና ከዕቃው መራቁ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ከጠባቂው እጅ መራቁ ይጠቅመዋል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጠራ ይደረጋል፤ ቆጣሪዎቹ ዕቃውን፣ ቢን ካርዱንና ስቶክ ካርዱን ሦስቱን ያስተያያሉ። ዕቃውና ቢን ካርዱ ተስማምተው ስቶክ ካርዱ ከተለየ ወረቀት ቀርቷል ማለት ነው። ሁለቱ ካርዶች ተስማምተው ዕቃው ከጎደለ ግን ጉዳዩ ከሒሳብ ወደ ሕግ ይሻገራል። የአዋጅ ቁጥር 649/2001 የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር ድንጋጌም ቢሆን በመሠረቱ ይህንኑ የቆየ አሠራር ይዞ የቀጠለ ነበር። በቀላልነቱ የሚንቁት ቢኖሩም የተሻለ አልመጣም።

እህል ግን ከጎማና ከወረቀት የተለየ ጠባይ አለው። ይደርቃል፣ ይነቅዛል፣ አይጥ ይበላዋል፤ ማንም ሳይነካው ክብደቱ ይለወጣል። ስለዚህ በእህል መጋዘን ውስጥ ካርዱ የሚሰቀለው በእያንዳንዱ ክምር ላይ ነው፤ መቼ እንደገባ፣ መቼ መድኃኒት እንደተረጨ ካልተጻፈበት የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ አይታወቅም። ኮምቦልቻ በዚህ ሥራ የታወቀችው በመከራ ምክንያት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሀብ ስለ መዝገብ ሌላ ትምህርት አስተማረ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ መርምረው፣ ዋጋው በረሀቡ ዓመት እንደሚጠበቀው እንዳልናረ፣ እህልም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ ይወጣ እንደነበር አሳይተዋል። ገበሬው ያጣው እህሉን ብቻ ሳይሆን መግዣውንም ነበር። የገበያና የመጋዘን መዝገብ እህል መኖሩን በትክክል ሊናገር ይችላል፤ ማን ሊያገኘው እንደሚችል ግን አይናገርም።

ከዚያ ረሀብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ የእህል መጠባበቂያ ተመሠረተ። መጋዘኖቹ ከተሠሩባቸው ከተሞች አንዷ ኮምቦልቻ ናት። የመጠባበቂያው አሠራር ብድር ነው፤ የእርዳታ ድርጅት ከለጋሽ የተገባለት እህል በመርከብ እስኪደርስ ከመጠባበቂያው ተበድሮ ያድላል፣ ሲደርስለት ይተካል። በዚህ አሠራር ሁለት ዓይነት መዝገብ ሳይነጣጠሉ ሊኖሩ አይችሉም። የክምሩ ካርድ ኮምቦልቻ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደተበደረና መቼ እንደሚመልስ የሚናገረው መዝገብ አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከአሰብ የሚነሣው የእርዳታ እህል በኮምቦልቻ በኩል ወደ ኮረም ሲጓዝ ዕቃውንና ጽሑፉን ያገናኘው በሾፌሩ እጅ ያለው፣ ዌይቢል የሚባለው የጭነት ሰነድ ነበር። ዌይቢሉ ከጭነቱ ጋር ይሄዳል፤ ተረካቢው ፈርሞበት ሲመለስ ብቻ ቢሮው ጭነቱን ከተጓዥነት ይሰርዘዋል።

አሰብ እ.ኤ.አ. በ1998 ለኢትዮጵያ ጭነት ከተዘጋ በኋላ መስመሩ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የኮምቦልቻ ድርሻ ግን አልቀረም። በከተማዋ ደረቅ ወደብ ተሠራ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በኮንቴይነር ዘመን ዝርዝሩና ዕቃው የባሰ ተራራቁ፤ ኮንቴይነሩ ታሽጎ ደረቅ ወደቡ ሲደርስ ዝርዝሩ በጉምሩክ ኮምፒውተር ቀድሞት ደርሷል። ከዕቃው ጋር የሚቀረው የኮንቴይነሩ ቁጥርና ማኅተሙ ብቻ ነው። ለንግዱም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅና በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ድርጅት ከዚህ አልፈው ሄዱ፤ በእነርሱ ዘንድ የሚሸጠውና የሚገዛው ደረሰኙ ነው፣ ምርቱ ከመጋዘን ሳይነቃነቅ ባለቤት ይለውጣል።

ከሁሉም ይልቅ ኮምፒውተርና ቢን ካርድ ጎን ለጎን የሚታዩት በመድኃኒት አቅርቦት ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በደሴ ቅርንጫፍ አለው፤ ከዚያም በዙሪያው ያሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ይረከባሉ። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የሚልከው ሪፖርትና መጠየቂያ የሚሞላው ከቢን ካርዱ ላይ ነው፤ አቅሙ ያላቸው ተቋማት ደግሞ «ዳጉ» የተባለውን የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም ቢን ካርዱ አልተነሣም። መብራት በጠፋ ቀን መድኃኒት ይወጣልና።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና መጋዘኖች ተዘረፉ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮምቦልቻ መጋዘኖቹ ላይ በደረሰው ዘረፋ ምክንያት በሁለቱ ከተሞች እርዳታ ማደሉን ለጊዜው አቆመ። ከተሞቹ ሲለቀቁ የመጀመሪያው ሥራ የጉዳት ቆጠራ ነበር፤ የጉዳት ቆጠራ ደግሞ ከጉዳቱ በፊት ምን እንደነበረ የሚናገር ወረቀት ይጠይቃል። በአገልጋይ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ኮምፒውተሩ ሲወሰድ አብሮ ይወሰዳል። ግልባጩ በሌላ ከተማ ያለ ግን ዕቃው ቢጠፋ እንኳ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። የመቅደላው ጉዳይ በዚያው በወሎ ምድር ከ150 ዓመት በኋላ በኮምፒውተር መልክ ተደግሟል።

ኮምፒውተሩ ራሱም ግምጃ ቤት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በመቶና በሺህ በሚቆጠሩ ጥቅሎች ተከፋፍሎ የሚጫን ስለሆነ፣ የትኛው ጥቅል፣ በስንተኛው እትም፣ የትኞቹን ፋይሎች ይዞ እንደገባ የሚመዘግብ የራሱ መዝገብ አለው። በሊኑክስ ዓለም የዴቢያን «ዲፒኬጂ» እ.ኤ.አ. ከ1994፣ የሬድ ሃት «አርፒኤም» ከ1995 ጀምሮ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ፕሮግራሞቹ የሚቀመጡት «ዩኤስአር» በሚባለው ማውጫ ሥር ነው። በየጊዜው የሚለዋወጠው ነገር፣ ለምሳሌ ደብዳቤ፣ የሥራ ማስታወሻና የኅትመት ተራ፣ «ቫር» በሚባለው ሥር ይቀመጣል። ይህ ክፍፍል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የራሳቸው ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች ፕሮግራሞቹን በኔትወርክ ይጋሩ በነበረ ጊዜ ነው፤ የሚጋሩት ማንም እንዳይጽፍበት ተቆልፎ፣ የሚለዋወጠው ለብቻው ወጣ። የጥቅሎቹ መዝገብ ጥቅል በተጫነ ቁጥር የሚለወጥ ስለሆነ «ቫር» ውስጥ ገባ። ዕቃው በአንድ ማውጫ፣ መዝገቡ በሌላ።

ለሃያ ዓመት ያህል ማንም አልተቸገረበትም። ችግሩ የመጣው የዲስኩን ሁኔታ በቅጽበት አስቀምጦ፣ ብልሽት ሲደርስ ወደ ኋላ የመመለስ ችሎታ ሲለመድ ነው። ዛሬ የተጫነው አዲስ እትም ቢያስቸግር «ዩኤስአር»ን ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል፤ «ቫር» ግን የሰዎችን ደብዳቤና ዳታቤዝ የያዘ ስለሆነ ወደ ትናንት መመለሱ የዛሬን ሥራ ማጥፋት ይሆናል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ የትናንቱ፣ መዝገቡ የዛሬው ይሆናል። ሲስተሙ በመዝገቡ ተማምኖ አዲሱ እትም አለ ይላል፤ በዲስኩ ላይ ያለው አሮጌው ነው። የደኅንነት ጥገና ያልገባበትን ኮምፒውተር ገብቶበታል ብሎ መመዝገብ ከባዶ መዝገብ የከፋ ነው።

ኦፐንሱዜ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የአርፒኤምን መዝገብ ወደ «ዩኤስአር» ሥር በማዛወር መንገዱን ከፈተ። ፌዶራም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በወጣው 36ኛ እትሙ ተከተለ፤ በቀድሞው ቦታ ወደ አዲሱ የሚመራ ማያያዣ ተወ። «የሚለዋወጥ ነገር በዩኤስአር ውስጥ አይቀመጥም» የሚለው የቀደመ ክርክር እዚህ ላይ ይረታል። መዝገቡ የሚለወጠው ፕሮግራሞቹ ራሳቸው በሚለወጡበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ተቆልፈው ሳሉ መዝገቡ የሚጻፍበት ምክንያት የለም። በዚያ ዝውውር ጊዜ ማን መቼ ምን እንደጫነ የሚዘረዝረው የሥራ ታሪክ በ«ቫር» እንዲቀር ተደርጓል። ቢን ካርዱ ከመደርደሪያው፣ ስቶክ ካርዱ ከቢሮው እንደሚባለው ያለ አከፋፈል ነው፤ ትክክልም ነው። ዴቢያንና ከእርሱ የተወለደው ኡቡንቱ ግን የጥቅሎቻቸውን መዝገብ ዛሬም በ«ቫር» ውስጥ ያስቀምጣሉ።